በየ10 ደቂቃው አንድ ታክሲ

ሦስተኛ ዓመት እያለሁ አንድ ተራ አስከባሪ በሰልፈኛ ፊት «ውሸታም» ብዬ ሰደብኩ። ሰውየው አልዋሸም ነበር። የሚገርመው፣ እኔም ያልሆነ ነገር አላወራሁም። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፤ እስካሁን ግን ጠዋት ሰልፍ ላይ ስቆም ትዝ ይለኛል። ያሳፈረኝ ስድቡ ብቻ አይደለም። ስታቲስቲክስ የምማረው እኔ ሆኜ፣ ደብተር ገልጦ በቁጥር ያሸነፈኝ እሱ መሆኑ ነው።

የምንኖረው የካ አባዶ ነው። ስለ አባዶ ጠዋት ብዙ አላወራም። የኖረበት ያውቀዋል። ያልኖረበትም የራሱ አባዶ አለው፤ ኮዬ ፈጬ በሉት፣ ቱሉ ዲምቱ በሉት፣ አራብሳ በሉት። ሳይነጋ ከቤት እወጣለሁ፣ መገናኛ እደርሳለሁ፣ ከዚያ ሌላ ሰልፍ ይዤ ወደ ግቢ። የመጀመሪያው ክፍል 2:30 ላይ ይጀምራል። በቃ ይኼው ነው።

«አካፍዪው»

የዚያን ቀን ሚድ ነበረኝ። 12 ሰዓት አለፍ ሲል ሰልፉ ጋ ደረስኩ። ከፊቴ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰው ቢኖር ነው። አንድ ታክሲ ከመጣ እገባለሁ ብዬ ተደሰትኩ። አልመጣም። 10 ደቂቃ፣ 20 ደቂቃ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ የሱቆቹን በረንዳ ጨርሶ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ቀይ ኮፍያ ያደረገውን ተራ አስከባሪ ጠየቅኩት።

«ወንድሜ፣ ዛሬ መኪና የለም እንዴ?»

«ይመጣል እህቴ። በየ10 ደቂቃው ይወጣል።»

«እዚህ ከቆምኩ እኮ ግማሽ ሰዓት ሊሆነኝ ነው!»

«በየ10 ደቂቃው ነው አልኩሽ።»

«ኧረ አንተ ውሸታም ነህ!»

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። ሰው ሁሉ ዞረ። እሱ ግን አልተቆጣም። ከኋላ ኪሱ ለሁለት የታጠፈ ደብተር አወጣ። ጠርዙ የተበላ፣ ላብ የነካው ደብተር ነው። ገጹ ላይ የታርጋ መጨረሻ ቁጥሮች ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል። አንዳንዱ ጎን ምልክት አለ፤ የከፈለና ያልከፈለ የሚለይበት መሰለኝ።

«ይሄ የትናንት ነው። ከ12 እስከ 2 ሰዓት። ቁጠሪው።»

ቆጠርኩ። 12 ታርጋ።

«ከ12 እስከ 2 ስንት ደቂቃ ነው?»

«120።»

«በይ አካፍዪው።»

አካፈልኩት። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ከፊቴ የቆሙ እናት ዞር ብለው «ልጄ፣ ምንድን ነው የምትማሪው?» አሉኝ። ልዋሻቸው አስቤ ነበር። «ስታቲስቲክስ» አልኩ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፤ እኔም በሰው ቢደርስ እስቅ ነበር።

ታክሲው በመጨረሻ ሲመጣ አንድ አልነበረም። ሦስት ነበሩ፣ አንዱ የአንዱን ቂጥ እየተከተለ። ያኔ አላስተዋልኩትም። ጥጌን ይዤ፣ ቦርሳዬን አቅፌ፣ ለሚዱ የሸመደድኩትን በልቤ እየደገምኩ ነበር።

የደረሰኝ ትምህርት

ስታቲስቲክስን አልመረጥኩትም። ከፍሬሽማን በኋላ ዲፓርትመንት ስንሞላ ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ላይ ነው የጻፍኩት፤ ቦታ ለመሙላት ያህል። ውጤቱ ሲለጠፍ እሱ ወጣ። እኛ አገር ዲፓርትመንት «ደረሰኝ» ነው የሚባለው፤ እንደ ኮንዶሚኒየም። እናቴ ደግሞ የአባዶውን ቤት ያገኘችው በዕጣ ነው። ስታቲስቲክስ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ሌላ ቃል አጥቼ «ስለ ዕድል ነው እማዬ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እኔ በዕድል ቤት አገኘሁ፣ አንቺ ደግሞ ዕድልን ተማሪ» አለች። ጎረቤታችን ብቻ ናቸው ቁም ነገሩን የጠየቁት፦ «ባንክ ያስገባል?»

12ኛ ክፍል ሒሳብ ጎበዝ ነበርኩ። ጎበዝ ማለት ያኔ ፈጣን ማለት ነበር። ቀመሩን ታውቃለህ፣ ቁጥሩን ትተካለህ፣ ከአራቱ አንዱን ታጠቁራለህ። ግቢ ስገባ መጀመሪያ የገጠመኝ ቁጥር የሌለው ሒሳብ ነው። «ከዜሮ ለሚበልጥ ለማንኛውም ኤፕሲሎን አንድ ዴልታ ይኖራል፣ እንዲህም ይሆናል…»። መምህሩ ሰሌዳውን ሞልተው ሲያበቁ ትንሽ ካሬ ይስላሉ፤ ተረጋገጠ ማለት ነው። ምኑ እንደተረጋገጠ ግን ለኔ አልታየኝም።

ስለዚህ ሸመደድኩ። ማረጋገጫዎቹን እንደ ዳዊት በቃሌ ያዝኳቸው። አንድ ጊዜ ፈተና ላይ መምህሩ የምናውቃትን «ኤን» በ«ኤም» ቀይረው መጡ። ሌላ ምንም አልነኩም፤ ፊደሏን ብቻ። የማላውቀው ጥያቄ መሰለኝና ዘልዬው ሄድኩ። ከክፍል ስንወጣ ጓደኛዬ «ያቺን ትላንት አብረን የሠራናትን አመጣት አይደል?» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ስታቲስቲክስ በዚህ በኩል ከንጹህ ሒሳቡ ይልቅ ያባልጋል። ካልኩሌተር አለ፣ የዜድ ሰንጠረዥ አለ፣ ቀመሩ ሃንድአውቱ ላይ አለ። ምን እየሠራህ እንደሆነ ሳይገባህ ቢ ፕላስ ታገኛለህ። በተለይ አማካይ የሚባለውን ነገርማ ማን ያጠናዋል? ደምሮ ማካፈል ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነበር የሚመስለኝ።

ድንጋዩ ላይ

የደብተሩ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። 120ን ለ12፣ 10። ክርክር የለውም። መኪና በ10 ደቂቃ ልዩነት የሚወጣ ከሆነ ደግሞ፣ ዝም ብዬ በፈለግኩት ሰዓት ብመጣ፣ አንዳንዴ 1 ደቂቃ፣ አንዳንዴ 9፣ በአማካይ 5 ደቂቃ ነው መጠበቅ ያለብኝ። እኔ 5 ደቂቃ የጠበቅኩበትን ቀን አላስታውስም።

መጀመሪያ ራሴን ጠረጠርኩ። ሰው መጥፎውን ቀን ነው የሚያስታውሰው። ቶሎ የሄደበትን ጠዋት ማን ይቆጥራል? እንግዲያው ይጻፋ አልኩ። ሐሙስ ጠዋት ክፍል አልነበረኝም። ከ12 ሰዓት በፊት ወርጄ ሻይ የምትሸጠዋ ልጅ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ታክሲ በወጣ ቁጥር ሰዓቱንና ታርጋውን ጻፍኩ። ባለ ኮፍያው አየኝ። ምንም አላለም። እሱም ይጽፋል፣ እኔም እጽፋለሁ።

የጻፍኩት እነሆ፦ 12:02፣ 12:05፣ 12:07፣ 12:11። ከዚያ ጸጥ። 12:46፣ 12:49፣ 12:51፣ 12:55። እንደገና ጸጥ። 1:35፣ 1:40፣ 1:43። በመጨረሻ 2:00።

ስቆጥራቸው 12 ናቸው። ሰውየው አሁንም ልክ ነው። በንዴት ሁለተኛ ሻይ አዘዝኩ።

ከዚያ ነው በሰዓቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት አንድ በአንድ ያሰላሁት። 2፣ 3፣ 2፣ 4፣ 35፣ 3፣ 2፣ 4፣ 40፣ 5፣ 3፣ 17። ከ12ቱ ክፍተት 9ኙ ከ5 ደቂቃ አይበልጡም። በተራ አስከባሪው ዓይን ሲታይ ታክሲው ያለማቋረጥ ይመጣል፤ አንዱን ሳይሸኝ ሌላው ይደርሳል። ዘጠኙ አጫጭር ክፍተቶች አንድ ላይ ቢደመሩ ግን 28 ደቂቃ ብቻ ናቸው። ሁለቱ ረጃጅሞች፣ 35ና 40፣ ብቻቸውን 75 ደቂቃ ይበላሉ። ከ120ው 75። እኔ ሰዓት ሳልመርጥ ከቤት ብወጣ፣ ከስምንት ቀን አምስቱን ከነዚህ ከሁለቱ ጉድጓዶች በአንዱ ውስጥ ነው የምወድቀው። ሰፊ ስለሆኑ። ጠባቡን ስንጥቅ ዘለህ ታልፈዋለህ፤ የምትገባው ሰፊው ውስጥ ነው።

እጄ እየፈጠነ ቀሪውን ሠራሁ። ክፍተቱ በረዘመ ቁጥር የምወድቅበት ዕድል በዚያው ልክ ስለሚያድግ፣ እያንዳንዱን ክፍተት በራሱ አባዝቶ መደመር፣ 3,210 ይሆናል። ለ120 ማካፈል፣ 26.75። እኔ የምወድቅበት ክፍተት በአማካይ 27 ደቂቃ ገደማ ነው ማለት ነው፤ 10 አይደለም። የሱ ግማሽ፣ 13 ደቂቃ ከምናምን፣ የምጠብቀው ነው። 5 አይደለም። ያውም ይሄ ቀመር፣ ሰልፉ ጋ የመጣ ሰው ሁሉ የመጀመሪያው ታክሲ ላይ ይገባል ብሎ ነው የሚነሳው። አባዶ ላይ የመጀመሪያው ታክሲ ላይ የሚገባ ማን ነው? በጉድጓዱ ጊዜ ሰልፉ ስለሚጠራቀም ለብዙዎቹ ከዚህም ይብሳል። ለሰልፉ ራሱን የቻለ ትምህርት አለው፤ ኤርላንግ የሚባል የዴንማርክ የሒሳብ ሰው በ1909 እ.ኤ.አ. ስለ ስልክ ጥሪ በጻፈው ነው የጀመረው። እኛ ክፍል ሁለት ሳምንት ነክተነው አለፍን።

ውሸቱ ቁጥሩ ላይ አልነበረም። «በየ» ላይ ነበር። በሁለት ሰዓት ውስጥ 12 ታክሲ ወጣ፣ እውነት ነው። በየ10 ደቂቃው ወጣ ስንል ግን ቁጥሩ ያላለውን ነገር ጨመርንበት፤ እኩል ተራርቀው መጡ አልን። አንዲት ምዕላድ ናት። 13 ደቂቃውን ሁሉ የበላችው እሷ ናት።

ታርጋዎቹን ሳያቸው ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። 12:02 ላይ የወጣው መኪና 1:35 ላይ ተመልሶ መጥቷል። ተከትለውት የወጡት ሁለቱም ከኋላው። አብረው የወጡ መገናኛ አብረው ይደርሳሉ፣ አብረው ይራገፋሉ፣ አብረው ይመለሳሉ። መንጋ ናቸው። አንድ ጊዜ ከተጣበቁ ማንም አይለያቸውም።

እዚህ ላይ ነው የሚያምመኝ ነገር የመጣው። ማታ ቤት ገብቼ የድሮ ፈተናዎቼን አገላበጥኩ። ባለፈው ሴሚስተር፣ ፕሮባቢሊቲ ላይ፣ ጥያቄ አራት። «አውቶቡሶች በፖይሰን ፕሮሰስ፣ በአማካይ በ10 ደቂቃ ልዩነት ይመጣሉ። ጣቢያው የደረሰ ሰው በአማካይ ስንት ደቂቃ ይጠብቃል?» ፖይሰን ማለት ሰዓት ሳይጠብቁ በዘፈቀደ ይመጣሉ ማለት ነው። መልሴ «10» ይላል። ጎኑ ላይ ቀይ የራይት ምልክት። ሙሉ ማርክ።

መልሱ ትክክል ነው። ምክንያቱንም ጽፌያለሁ፤ ኤክስፖኔንሻል ያለፈውን አያስታውስም፣ ማለትም የቱንም ያህል ብትጠብቅ የቀረህ ጊዜ በአማካይ ያው ነው የሚለውን፣ ሃንድአውቱ እንዳለው አስፍሬዋለሁ። ግን በ10 ደቂቃ ልዩነት የሚመጣ ነገር 10 ደቂቃ ሙሉ መጠበቅ ለምን እንዳላስገረመኝ አላውቅም። ግማሹ የት ሄደ ብዬ አልጠየቅኩም። ያቺን ወረቀት የጻፍኩት ጠዋት አባዶ ላይ ስንት ደቂቃ ቆሜ እንደነበር እግዜር ይወቀው። ሰልፉን ሰልፉ ላይ ትቼ፣ ፈተናውን ፈተናው ላይ ትቼ ነበር የምኖረው።

አልጋዬ ላይ ወረቀቱን ይዤ ስቄም፣ ትንሽም አልቅሻለሁ። እማዬ «ምነው፣ ወደቅሽ እንዴ?» ብላ ገባች። «አይ፣ አልፌ ነበር» አልኳት።

ልጅ የሌላት እናት

ከዚያ በኋላ ነገሩ የትም ይታየኝ ጀመር። ሳምፕሊንግ፣ ማለትም ናሙና አወሳሰድ፣ ክፍል ውስጥ ስንት ወንድምና እህት እንዳለን ጠይቀን ስለ ቤተሰብ መጠን ትንሽ ሪፖርት እንድንሠራ ታዘዝን። ክፍሉን ዞረን ጠየቅን፣ ደመርን፣ አካፈልን። ልክ ሊጻፍ ሲል ቆም አልኩ። ሰባት የወለደች እናት ልጆቿ ብዙ ስለሆኑ አንዱ እኛ ክፍል የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። አንድ የወለደች እናት አንድ ዕድል ብቻ ነው ያላት። ልጅ ያልወለደች ሴት ደግሞ ክፍላችን ውስጥ ተማሪ የላትም። ስለ ቤተሰብ ልጆቹን ከጠየቅክ፣ ትልልቆቹ ቤቶች ብዙ ጊዜ ይመልሱልሃል። ባዶው ቤት አይመልስም።

እዚህ ጋ ስለ ቆጠራ አንድ ነገር ልበል፤ አላስችል ስላለኝ ነው። አገራችን የመጨረሻውን የሕዝብ ቆጠራ ያደረገችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆነን ተቆጠርን። ቀጣዩ ተላለፈ፣ እንደገና ተላለፈ። ያኔ ቆጣሪው ሲዞር እኛ አሁን የምንተኛበት ብሎክ ማሳ ነበር። ናሙና ለመውሰድ መጀመሪያ የሁሉም ዝርዝር ያስፈልጋል ብለው ሲያስተምሩን፣ በመስኮት እያየሁ አባዶን አስባለሁ።

ለሪፖርቱ መፍትሔ አለው፤ ሰባት ልጅ ካለበት ቤት የመጣው መልስ አንድ ሰባተኛ ያህል ብቻ እንዲመዝን ታደርጋለህ። ባዶውን ቤት ግን በምንም አታመጣውም። ይህንን በሁለት አንቀጽ ጽፌ አስገባሁ። ከቀመሩ ቀድሜ ነገሩን ያየሁበት የመጀመሪያዬ ሥራ ነው። ውጤቱ ያው ቢ ፕላስ ነበር፤ ሠንጠረዡን ረስቼዋለሁ።

«ልቀቀው!»

ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። ሰልፉ ቀለል ባለበት ቅዳሜ ጠዋት ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ባለ ኮፍያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«ያን ቀን ውሸታም ያልኩህ እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቄሻለሁ። የስታቲስቲክሷ።»

ሁሉንም አስረዳሁት። ክፍተቶቹን፣ ጉድጓዱን፣ መንጋውን። ይሰማል። ጥያቄ ይጠይቃል። ከመምህሮቼ ፊት እንኳ እንደዚያ ላብ አላጠመቀኝም።

«እና የኔ 10 ልክ ነው?» አለ።

«ልክ ነው።»

«ያንቺስ?»

«የኔም ልክ ነው።»

«ታዲያ ማን ተሳሳተ?»

ስለ «በየ» ልነግረው ጀመርኩ። አቋረጠኝ። «እሱን ተይው። አራት ሆነው ሲመጡ ምን ላድርግ ነው የምትይኝ?»

«አትልቀቃቸው። አንዱን ልቀቅ፣ ሌላውን ትንሽ አቆየው። በ8፣ በ9 ደቂቃ ልዩነት። መኪና ሳትጨምር ጉድጓዱ ይጠባል።»

ሳቀ። «የሞላ መኪና ላቁም? ሹፌሩ ገቢ አለበት። ውስጥ ያለውስ ሰው አንቺን ነው የሚሰድበው እኔን?» እውነቱን ነው። ለቆመ መኪና የሚከፍለው የዛሬው ተሳፋሪ ነው። የሚጠቀመው ገና ከቤቱ ያልወጣው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ እዚህ የለም፣ አያመሰግንም። ቀመሬ ውስጥ ይሄ አልነበረም። ሻዩን ከፈልኩለት። አልፈልግም አለ፣ ከዚያ ተቀበለ።

ነገሩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሰኔ ውስጥ ነው፣ አንድ ቀን ጠዋት። ዝናብ ሌሊቱን ሲጥል አድሮ መንገዱ ጭቃ ነው። 2:30 ላይ ፋይናል አለኝ። ሦስት ታክሲ ተከታትሎ መጣ። ዕድለኛ ሆኜ ሁለተኛው ውስጥ ገባሁ፣ መስኮት ጋ። ሞላን። ረዳቱ በሩን ጎትቶ ዘጋ። ሹፌሩ ሞተር አስነሳ።

ባለ ኮፍያው ከፊት መጥቶ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። «ቆይ። 5 ደቂቃ።»

«ምን?» አለ ሹፌሩ። ጥሩንባ ነፋ። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴትዮ «ሞልተን የለ እንዴ፣ ምን ያስጠብቀናል?» አሉ። አንዱ ሰዓቱን አየ፣ ሌላው መሳደብ ጀመረ። ባለ ኮፍያው ንቅንቅ አላለም። በመስታወቱ ውስጥ እኔን አየኝና በጣቱ የእጁን አንጓ ነካ ነካ አደረገ፤ ሰዓት እንደማሳየት። ፈገግ ብሏል። የማውቀው ሰው መሆኔን ተሳፋሪው እንዳያይ አንገቴን ቀበርኩ።

አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። በጉልበቴ ላይ ያለውን ሃንድአውት ማንበብ አቃተኝ። የመገናኛው ሰልፍ ታየኝ። የተዘጋው የፈተና ክፍል በር ታየኝ። መስኮቱን ስቤ ከፈትኩና ጭንቅላቴን አወጣሁ።

«በናትህ ወንድሜ፣ ልቀቀው!»

እጁን ከኮፈኑ ላይ አነሳ። የመኪናውን ጎን ሁለቴ መታ መታ አደረገ። ስንነሳ ዞሬ አየሁት፤ ደብተሩን ከኋላ ኪሱ አውጥቶ ታርጋችንን እየጻፈ ነበር።